ሁለተኛው ፊርማ

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 1978

አሪየት አራተኛ ትራስ ጠየቀች። ጤና ጣቢያችን ያለው ትራስ አምስት ነው፤ የቀረው ዶክተር ደረጀ ምሳ ሰዓት ላይ የሚጋደምበት ነው። ሌሎቹ ተይዘው ነበርና እሱኑ ወሰድኩበት። አላወቀም፤ ወይም አውቆ ዝም አለ።

ጋደም ካለች መተንፈስ አትችልም፤ ተደግፋ ነው የምታድረው። ልቧ ከልጅነቷ የታመመ ነው። አንደኛው በር ጠቧል፤ ደሙ ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። ሁለተኛ ልጇን ስትገላገል አዋላጇ እኔ ነበርኩ። ልጅቷ በደህና ወጣች፤ እናትየዋ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ደረቅ መሬት ላይ ስትሰጥም አየኋት። ያኔ «ሦስተኛ የለም» ብለናት ነበር። ሦስተኛው መጣ። አሥረኛ ሳምንቱን ይዟል።

ዶክተር ደረጀ ዛሬ ባልና ሚስቱን ቁጭ አድርጎ ነገራቸው። ጽንሱ ከቀጠለ እስከ መውለጃዋ አትደርስም። መቋረጥ አለበት። ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እዚህ ባለን መሣሪያ እሱ አይነካውም። ሕጉ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ይፈቅዳል፤ ግን ሌላ ሐኪም ለብቻው መርምሮ ማረጋገጥ አለበት፤ እናቲቱም መፈረም አለባት። ይህን ሁሉ ለመናገር የፈጀበት ሁለት ደቂቃ ነው። በረንዳው ላይ ወባ የያዛቸው ሰፋሪዎች እስከ ማንጎው ዛፍ ድረስ ተሰልፈው ነበር። «ባጭሩ ሁለተኛ ፊርማ ያስፈልጋል» አለና ወጣ።

አሪየት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ የአኝዋ ልጅ፣ ጴንጤ፣ የመዝሙር ቡድናቸው ትልቋ ድምፅ። ባሏ ታደሰ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ ኦርቶዶክስ፣ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ። ሲጋቡ ሁለቱም ወገኖች አኩርፈው ነበር። በኋላ ኩርፊያው ደከማቸውና ተዉት።

«ፓስተሬን ልጠይቅ» አለች።

«እኔም የነፍስ አባቴን» አለ።

የእሱ የነፍስ አባት የእኔም ናቸው። እኔም ልጠይቃቸው ይገባል። በዚያ ቀን መሣሪያውን የማቀብለው እኔ ነኝ።

መልካም ዜና፦ ከመቱ ኪኒን መጣ። መጥፎ ዜና፦ ልቆጥረው ነው።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ፓስተር ኡጁሉ ጠዋት በብስክሌታቸው መጡ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ ነው የሚሰበሰቡት፤ ብስክሌቱ ሀገረ ስብከት ሆኗል። አሪየት አጠገብ ቁጭ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እግዚአብሔር ሁለት ልጅ ሰጥቶሻል። እነሱን አሳድጊ። እኔ እጸልያለሁ» አሏት። ጥቅስ አልጠቀሱም። ጥቅስ የማይጠቅስ ፓስተር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወደድኳቸው።

ከሥራ ስወጣ የነፍስ አባቴ መምሬ ይትባረክ ዘንድ ሄድኩ። አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ጽንስ ነፍስ ነው። አድርጊ አልልሽም።»

«ትሙት ይላሉ፣ አባ?»

«እሱንም አልልሽም።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ። «ከሁለት ክፉ አንዱን ምረጪ የማለት ሥልጣን አልተሰጠኝም። የመጣውን መቀበል ግን ተሰጥቶኛል። አንቺ ስትሄጂ አላየሁም፤ ስትመለሺ እቤቴ ነኝ።» ሚስማሩን አጥሩ ላይ መቱና፣ «ደግሞ በበዓለ ሃምሳ ቀኖና አይሰጥም። መምጣትሽ ካልቀረ ከጰራቅሊጦስ ወዲያ ነይ» አሉ።

እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ያለው ሁኔታ፦

አንድ ፓስተር፦ አዎ፣ በሹክሹክታ።

አንድ ቄስ፦ አይሆንም፣ በሩ ግን ክፍት ነው።

ሁለተኛ ሐኪም፦ የለም። መቱ ያለውን እንዳንጠራ መንገዱ ትናንት ማታ ጎሬ በታች ተቆርጧል።

ከዚያ ትዝ አለኝ። አልዌሮ ግድቡን ከሚሠሩት ሩሲያውያን ጋር አንዲት ሐኪም አለች። ግድቡ ያለበት አቦቦ ደርሶ መልስ በደረቅ ቀን ምንም አይደለም፤ ሰኔ ግን ደረቅ ቀን የለውም። ዶክተር ደረጀ ወረቀት ጻፈላትና ሲሚንቶ ለሚጭነው ሾፌር ሰጠነው። ሾፌሩ ወረቀቱን ባርኔጣው ውስጥ ከተተው። ከዚህ የተሻለ ፖስታ ቤት በአካባቢው የለም።


ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ታደሰ ደብዳቤ ጻፈ።

ዶክተሩ «ሁለተኛ ፊርማ» ሲል፣ ይህ ሰው በሃያ ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራው የተማረውን ነው የሰማው፦ ለእያንዳንዱ ነገር የሚመለከተው አካል አለ፣ አካሉም ይፈርማል። ሐኪሙ አንደኛ ፈራሚ ነው፤ ሁለተኛው መቼም ቤተ ክርስቲያን መሆን አለበት። ቤተ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ሁለት ስለሆኑ ለሁለቱም። ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። «የባለቤቴ ጽንስ እንዲቋረጥ ሐኪም ያዘዘ ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንዎ በበኩሉ ተቃውሞ የሌለው መሆኑን በፊርማና በማኅተም አረጋግጦ እንዲገልጽልኝ በማክበር እጠይቃለሁ።» ከሥር ግልባጭ፦ ለቀበሌው፣ ለትምህርት ቤቷ፣ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለመዝገብ። በካርቦን ሰባት ቅጂ። ሰባተኛዋ ደብዝዛለች፤ ለኛ የደረሰችን እሷ ናት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሳያነቡ ፈርመው አተሙበት። በከተማው ውስጥ ያላመነታ አንድ እሳቸው ናቸው።

እስከ ስድስት ሰዓት ገበያው ሁሉ ሰማ። ዓሣ ሻጮቹ ሳይቀሩ ሁለት ወገን ሆነዋል። ከሰዓት የሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ፤ የፓስተሩ ሽማግሌዎችም አንድ ቤት ተሰበሰቡ። ሁለቱም መልሳቸውን በጽሑፍ ሰጡ፤ የተጠየቁት በጽሑፍ ነዋ። ሰበካው፦ «ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ማኅተም የላትም።» ሽማግሌዎቹ፦ «በጾምና በጸሎት ትጠብቅ። ይህን ብታደርግ ከኅብረቱ ትለያለች።»

ፓስተሩ መጥተው በር ላይ ቆሙ። «ሲስተር ብርቅነሽ፣ ትናንት የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ወረቀት ሲመጣ ግን እኔ ብቻዬን አይደለሁም። አምስት ሽማግሌ አለ። ሦስቱ ‹ትጠብቅ› አሉ።»

ታደሰን ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

«አቶ ታደሰ፣ ሁለተኛ ፊርማ ማለት የሁለተኛ ሐኪም ፊርማ ነው።»

«ታዲያ ‹የሚመለከተው ሐኪም› ብሎ ቢገልጸው ምን ነበረበት!» አለና ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ተቆጥቼው ነበር፤ ቀረ።

አሪየት ግን አላለቀሰችም። ትራሷ ላይ እንደተደገፈች፣ «አሁን ብሞት ‹እንዳመነች ሞተች› ይሉኛል። ብድን ‹ሳታምን ዳነች› ይሉኛል» አለች። ዶክተሩ ወረቀት ሲያቀርብላት ፊቷን አዞረች። ዛሬ አልፈርምም ብላለች።

ማምሻውን እግሯ ይበልጥ አብጧል። በጣቴ ተጫንኩት፤ ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም።


ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ጠዋት፣ «ሲስተር፣ ሁለቱንም ጥሪልኝ፤ ባንድ ላይ» አለችኝ።

«መምሬን? ወደ ጴንጤ አልጋ?»

«ወደ ታማሚ አልጋ።»

መምሬ ከቅዳሴ በቀጥታ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ፓስተሩም በብስክሌታቸው ደረሱ። በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ፤ መካከላቸው ያለው ቦታ ለአንድ ወፍራም ዲያቆን ይበቃ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ በባርኔጣና በጥምጣም ነቅነቅ ብቻ ሰላም ሲባባሉ አይቻለሁ፤ አንድ ወንበር ላይ ግን አይቻቸው አላውቅም። አሪየትን በወንበር አወጣናት። ትንፋሿ ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቢሆንም ድምፁ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ድምፅ ነው። «በየተራ» አለች። ሁለት የሃይማኖት አባቶች እንደ ተማሪ ቀጥ አሉ።

ፓስተሩ ጀመሩ። ሕይወት የእግዚአብሔር ነው፤ የእናትም ሕይወት ሕይወት ነው፤ ሽማግሌዎች ግን ተአምር ይጠብቃሉ፤ ተአምርን አይሆንም ማለት ለፓስተር ከባድ ነው። መምሬ ቀጠሉ። ከተፀነሰበት ሰዓት ጀምሮ ነፍስ ነው፤ ማንም አይቆርጠውም፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ለአንድ ሰው ብላ አትለውጥም። ስለ ማኅፀን የሚናገረው ጥቅስ ሦስት ጊዜ ወጣ፤ አንዴ በግዕዝ፣ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአኝዋኛ። በሦስቱም ቋንቋ አሪየት መተንፈስ አቅቷት ነበር።

ከዚያ እርስ በርሳቸው ሆነ።

«መጽሐፉ ቀኑን አልጻፈም፣ አባ። በዚህ ቀን ነፍስ ገባ አላለም።»

«ያልተጻፈ ሁሉ ተፈቅዷል ማለት ነው?»

«የተጻፈ ሁሉስ ተፈጽሟል?»

«ይኸ የናንተ አመል ነው! ጥያቄን በጥያቄ!»

«ከእርስዎ ነው የጀመረው፣ አባ።»

እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ደስ ብሏቸው ነበር። ይህን ክርክር አራት ዓመት ሙሉ ተርበውት ኖረዋል። በመካከላቸው የነበረው የዲያቆን ቦታም እየጠበበ ሄዷል።

አሪየት እጇን አወጣች። ዝም አሉ።

«ብሞት ማነው የሚቀብረኝ?»

«እኛ!» አሉ ፓስተሩ ወዲያው። «መዘምራኑ በሙሉ ይወጣሉ።»

«የት ነው የምትቀብሯት?» አሉ መምሬ። «መቃብር የላችሁም። አንድ ምእመናችሁን ወንዝ ዳር ቀበራችሁት፤ ባሮ ሲሞላ ምን እንደሆነ እኔ አልናገርም። አይሆንም! ባሏ የኛ፣ ልጆቿ በኛ የተጠመቁ። ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ካለው ግራር ሥር ቦታ እሰጣታለሁ።»

«አባ፣ ሰበካው ይፈቅዳል? ጴንጤ ናት እኮ።»

«ሰበካው ይጩህ! እኔ እፈርማለሁ!»

ፓስተር ኡጁሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ይህ በዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ብድግ ብለው የመምሬን እጅ ያዙ። «እርስዎ ከፈረሙ እኔም እፈርማለሁ። መዝሙሩ ብቻ የኛ ይሁን።»

«ከበሩ ውጭ ከሆነ ይሁን።»

«ከበሩ ውጭ። እሺ።»

«ለመቃብሬ ሁለት ፊርማ ተገኘ» አለች አሪየት።

ፓስተሩ የመምሬን እጅ እንደያዙ ቀሩ። መምሬ ጃንጥላቸውን አዩ።

«እኔ መኖር እፈልጋለሁ» አለች፣ በየሦስት ቃሉ እያረፈች። «ስህተት ከሆነ… የኔ ስህተት ይሁን። ከእግዚአብሔር ጋር… እነጋገራለሁ፤ ያውቀኛል። ለናንተ የማመጣው ወረቀት የለም። እንድትመጡ የፈለግሁት… ከሌላ ሰው እንዳትሰሙ ብዬ ነው።»

መምሬ ሲነሡ፣ «አሳፈርሽን፣ ልጄ» አሉ። «ተሳስተሻል። ግን አሳፈርሽን።»

ሁለቱ አብረው ወጡ፤ ፓስተሩ ብስክሌቱን እየገፉ። ማንጎው ዛፍ ሥር ሲደርሱ ቆመው እንደገና ጀመሩ። ነፋሱ ያመጣልኝ «ከተፀነሰበት ሰዓት!» የሚለውን ብቻ ነው።


ዓርብ፣ ሰኔ 13

ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ። ሩሲያዊቷ እንደማትመጣ እርግጠኛ ሆኜ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ የግድቡ ትልቅ መኪና እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ ገባ፤ ከውስጡ አንዲት አጭር፣ ሽበታም፣ የወንድ ቦት ጫማ ያደረገች ሴት ወረደች። ሰላም ሳትል እጇን ታጠበች። በሙያዬ ከዚህ የተሻለ ሰላምታ አላውቅም።

ሃያ ደቂቃ የአሪየትን ልብ አዳመጠች፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን። ከዚያ ከዶክተር ደረጀ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፤ የሁለቱም እንግሊዝኛ የየራሱ ነው። ቃሉን ባልይዘውም ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ አየሁ። ፈረመች።

በረንዳው ላይ መምሬና ፓስተሩ እንደ ትናንቱ ተቀምጠው ነበር። ማንም አልጠራቸውም። እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበል? «ቤተሰብ ናቸው» አልኩ።

አሪየት ፈረመች። ፊርማዋ ከሩሲያዊቷ ፊርማ በላይ ያምራል፤ ይህን ዶክተሩም አስተውሏል። ሐኪሟ ማንጎ ከሰጠኋት በኋላ ነገም እንደምትቆይ፣ የአሪየትን ልብ ራሷ እንደምትከታተል ነገረችን። ምክንያቱ ማንጎው ይሁን ሌላ አላውቅም። አምስት በላች።

ዛሬ ዓርብ ቢሆንም በበዓለ ሃምሳ ስለማይጾም ዓሣ በላሁ። ከሰኞ ጀምሮ የሰኔ ጾም አለብኝ። ሌላም ሳይኖርብኝ አይቀርም።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን፤ ቶሎ አለቀ። መብራቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተቋረጠ፤ የያዝኩት ባትሪ ሠራ። ሩሲያዊቷ ከአሪየት ራስጌ ቆማ የልብ ምቷን በጣቷ እየቆጠረች፣ አንዴ ብቻ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ያኔ እኔም ጸለይኩ።

ያቀበልኩትን አቀበልኩ፤ የተቀበልኩትን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩ። ዶክተሩ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም እንዳልነበረ ሆኖ አልተሰማኝም። ስህተት ሠራሁም አላልኩም። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚኖሩ መምሬ ያውቁ እንደሆን እጠይቃለሁ። ጨርቁን ታደሰ ተቀብሎ፣ በጋቢው ሸፍኖ ይዞ ወጣ። የት እንዳሳረፈው አልጠየቅሁም። እጁ ላይ አፈር ይዞ ተመለሰ።

ደም አልበዛም። ሙቀት የለም። ማታ ሻይ ጠጣች።


እሑድ፣ ሰኔ 15፣ ጰራቅሊጦስ

መምሬ በስብከታቸው ስለ እሳት ልሳኖች አስተማሩ። የሰበካው ሰዎች ጆሯቸውን አቁመው የደብዳቤውን ነገር ይጠብቁ ነበር። አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሐዋርያት በሌላ ቋንቋ ሲናገሩ ሁሉም እንደየራሱ መስማቱን ብቻ ረዘም አድርገው አስረዱ።

የፓስተሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ተሰብስበው ነበር። ከኅብረቱ አትለይም፤ ሦስት ለሁለት። አንደኛው ሐሳቡን ለውጧል ማለት ነው። ግን እስከ መስከረም እንዳትዘምር። ፓስተሩ ይህን ሲነግሯት መሬት መሬት እያዩ ነው።

«እስከ መስከረም የሚያዘምር ትንፋሽም የለኝ» አለች። ሳቀች። ሳል የሌለበት ሳቅ ነበር፤ መዝገቧ ላይ ጻፍኩት።

ከሰዓት «በጾምና በጸሎት ትጠብቅ» ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ክንድ የሚያህል የባሮ ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው መጡ። «እኔ አሁንም አልስማማም» አሉ በር ላይ ቆመው። «ዓሣው ግን ትኩስ ነው።»

ታደሰ የደብዳቤውን ቅጂዎች እየዞረ ሲሰበስብ ውሏል። ስድስቱን አግኝቷል። የቀበሌው ፋይል ተደርጓል፤ ፋይል የተደረገ ነገር እንደማይወጣ እሱ ከማንም በላይ ያውቃል።


ሰኞ፣ ሰኔ 16

ጾም ገባ። ጠዋት መምሬ ዘንድ ሄድኩ፤ እንዳሉት እቤታቸው ነበሩ። የቅዳሜውን ጥያቄዬንም ጠየቅሁ። አላውቅም አሉ። አላውቅም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«በዚህ ጾም በየቀኑ አርባ ስግደት» አሉ።

«ጉልበቴን ያውቁታል፣ አባ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ለዶክተሩስ?»

«እሱ መቼ መጥቶ ያውቃል!»

«ለአሪየትስ?»

«እሷ የኔ አይደለችም።» መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ሠላሳውን ስገጂ። አሥሩን እኔ እሰግደዋለሁ። ለማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንቺ አትጠይቂኝ።»

የአሪየት ልብ አልተፈወሰም። ዶክተር ደረጀ የልቧን መርፌ በየወሩ እንድትወስድ፣ አራተኛ እንዳይመጣም መከላከያ እንድትይዝ ነግሯታል። ስለ መከላከያው ሰበካውም ሽማግሌዎቹም ገና አልሰሙም። ታደሰን ምንም እንዳይጽፍ አስምዬዋለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ አሪየት ከአልጋዋ ወረደች። እጄን ዘረጋሁላት፤ አልያዘችውም። ከአልጋው እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ። ከኋላዋ እየተከተልኩ ትንፋሿን ቆጠርኩ። መካከል ላይ ትቆማለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቆመችም።

«እንደገና?» አለችኝ።

«ለዛሬ በቃሽ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሲስተር።»

መልሴን ሳትጠብቅ ሄደች።